የሕይወት ታሪክ፦ ኮከብ ሲደበዝዝ ያየው ጆን ጉድሪክ

እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ድምፄን ሳታውቁት አትቀሩም። ጠዋት ሰልፍ ላይና በእረፍት ሰዓት በማይክ ዜናና ማስታወቂያ የማነበው እኔ ነኝ። ይህን የሕይወት ታሪክ ግን በማይክ ማንበብ አልፈለግሁም። በእጄ ጽፌው በመጽሔታችን እንዲወጣ የክበባችንን ተጠሪ መምህር ለመንኳቸው፣ እሳቸውም ፈቀዱልኝ። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን በቀጥታ ወደ ታሪኩ ልግባ።

የጆን ጉድሪክን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከሳይንስ መምህራችን ነው። ስለ ግርዶሽ እያስተማሩን ሳለ፣ ግርዶሽ የፀሐይና የጨረቃ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሩቅ ኮከብም እንደሚጋረድ፣ ይህንንም ያሰበው ገና ወጣት የነበረ ልጅ እንደሆነ ነገሩን። ደወል ተደውሎ ተማሪው ሁሉ ሲወጣ እኔ ቀርቼ ጠየቅኋቸው። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ያገኘሁትን ሁሉ ደብተሬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

ጆን ጉድሪክ የተወለደው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1764 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ አገር ግሮኒንገን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ እንግሊዛዊ ዲፕሎማት ነበሩ። ጆን ገና ሕፃን ሳለ በጠና ታመመ። ከሞት ቢተርፍም ከበሽታው በኋላ ጆሮው መስማት አቆመ። ይህን ሳነብ ታናሽ ወንድሜን አስታወስኩ። እሱም በአራት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ከዳነ በኋላ መስማት አይችልም። አሁን እዚሁ ትምህርት ቤታችን አምስተኛ ክፍል ይማራል። እናም ከዚያ ገጽ በኋላ ታሪኩን ማቆም አቃተኝ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች መስማት የተሳነው ልጅ ጨርሶ መማር አይችልም ብለው ያስቡ ነበር። የጆን ወላጆች ግን ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ ላኩት። እዚያ ቶማስ ብሬድዉድ የሚባሉ መምህር መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ጆን ማንበብና መጻፍ ከተማረ በኋላ በ1778 ወደ እንግሊዝ አገር፣ ዋሪንግተን ወደሚባል ቦታ ሄዶ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ። ይሄኛው መስማት ለተሳናቸው የተከፈተ አልነበረም፤ ሌሎቹ ተማሪዎች የሚሰሙ ነበሩ። ጆን ያኔ የእኔ እኩያ፣ ወይም ከእኔ በትንሽ ቢበልጥ ነው። እንዲያም ሆኖ በሂሳብ ጎበዝ ተማሪ ወጣው።

በ1781 ትምህርቱን ጨርሶ ዮርክ ወደምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። ቤታቸው ከትልቁ የዮርክ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ዮርክ ውስጥ ኤድዋርድ ፒጎት የሚባል የሩቅ ዘመድ ነበረው። ፒጎት በዕድሜ 11 ዓመት ይበልጠዋል። ኮከብ መመልከት የሚወድ ሰው ነበር፣ አባቱም የራሳቸው ቴሌስኮፖች ነበሯቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ኮከብ ሲባል ጥንቆላ የሚመስላቸው አሉ። እኔ የማወራው ስለ ሥነ ፈለክ ነው፤ ሰማይን እየለኩ፣ እየመዘገቡና እያሰሉ ስለሚሠራው ሳይንስ ማለቴ ነው።

ፒጎት ይህን የ17 ዓመት ልጅ አይሰማም ብሎ አልተወውም። ጓደኛው አደረገው። አንዱ ያየውን ለሌላው ያሳውቃል፣ ውጤታቸውን ያስተያያሉ። ጉድሪክም በኖቬምበር 1781 የራሱን የምልከታ ማስታወሻ ደብተር ጀመረ። ሌሊት በመስኮት ሰማዩን ያያል፣ ያየውን ከቀንና ከሰዓት ጋር ይጽፋል።

ዋናው ነገር የሆነው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ሰማይ ላይ አልጎል የሚባል ኮከብ አለ። ስሙ የመጣው ከአረብኛ ነው፣ የጋኔን ራስ እንደማለት ነው። ኖቬምበር 12 ቀን 1782 ሌሊት ጉድሪክ ወደ አልጎል ሲያይ ኮከቡ ደብዝዞ አገኘው። ደማቅ መሆኑን በደንብ ያውቃል። መጀመሪያ ዓይኑን ጠረጠረ፣ ቀጥሎ አየሩን ጠረጠረ። ለአንድ ሰዓት ያህል ትክ ብሎ አየው። ኮከቡ እውነትም ደብዝዟል።

አልጎል እንደሚለዋወጥ ከዚያ በፊት ያስተዋለ ጣሊያናዊ ነበር፣ ሞንታናሪ ይባላል። ግን መቼ መቼ እንደሚደበዝዝ፣ ለምን እንደሚደበዝዝ የሚያውቅ አልነበረም። ጉድሪክ አንድ ጊዜ አይቶ ገረመኝ ብሎ አልተኛም። በየሌሊቱ እየጠበቀ መዘገበ። ብርድ ነው፣ ደመና አለ፣ ኮከቡ ሳይደበዝዝ የሚያድርበት ሌሊት ይበዛል። በ1783 መልሱን አገኘ። አልጎል የሚደበዝዘው በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው አለ። ዛሬ በዘመናዊ መሣሪያ ሲለካ 2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። በአራት ደቂቃ ብቻ ነው የሳተው። አይገርምም?

ለምን ይደበዝዛል ለሚለው ጥያቄ ጉድሪክና ፒጎት ሁለት ግምት ነበራቸው። አንደኛው፣ ኮከቡ ላይ ጠቆር ያለ ቦታ ኖሮ ኮከቡ ሲሽከረከር ያ ቦታ ወደ እኛ ሲዞር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ አልጎልን የሚዞር ሌላ ጨለማ አካል አለ፣ እሱ በፊቱ ሲያልፍ ብርሃኑን ይጋርደዋል የሚል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየውን የፀሐይ ግርዶሽ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጨረቃ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ቀኑ ደብዘዝ አለ። ሁለተኛው ግምት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

እኔ ይህን ለወንድሜ ያሳየሁት መብራት በጠፋበት ማታ ነው። ሻማ አብርቼ አንድ ድንች በክር አሰርኩና በሻማው ዙሪያ አዞርኩት። ድንቹ በሻማውና በወንድሜ ዓይን መካከል ባለፈ ቁጥር ወንድሜ እጁን ያወጣል። ድንቹ ምን ያህል እንደሚፈጥን ወንድሜ እጁን በሚያወጣበት ጊዜ ማወቅ ይቻላል። ጉድሪክም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሁለተኛውን አካል ማንም አላየውም፤ መኖሩን ያሰበው በሚታየው ኮከብ ብርሃን ላይ ከሚያመጣው ለውጥ ነው።

ግኝቱ ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ በጉድሪክ ስም ቀረበ። ማኅበሩም በ1783 ኮፕሊ የተባለውን ትልቅ ሜዳሊያ ሸለመው። የ19 ዓመት ልጅ ነበር። የጥቁሩን አካል ሐሳብ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፣ በቴሌስኮፕ ሲያዩት አንድ ነጥብ ብቻ ነበር የሚታያቸው።

ጉድሪክ በዚህ አላቆመም። በ1784 ቤታ ላይሬና ዴልታ ሴፊ የሚባሉ ሌሎች ሁለት ኮከቦች ብርሃናቸው እንደሚለዋወጥ አገኘ። ዴልታ ሴፊ ያለችው ሴፊየስ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ነው። ሴፊየስ በጥንት ግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፣ ሚስቱ ካሲዮፒያ፣ ልጁ አንድሮሜዳ ናቸው። ሁሉም ሰማይ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አሉ። ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉት የነበረው አገር ከዛሬው ካርታችን ይሰፋል፣ ቢሆንም ስማችንን እዚያ ላይ ሳገኘው ደስ አለኝ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሄንሪዬታ ሌቪት የምትባል አሜሪካዊት ሴት ዴልታ ሴፊን የመሰሉ ኮከቦች የሩቅ ዓለማትን ርቀት ለመለካት የሚያስችሉበትን ሕግ አገኘች። እሷም ጆሮዋ በደንብ አይሰማም ነበር።

የጉድሪክ ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። በሌሊት ብርድ ሲመለከት ሳንባ ምች ይዞት እንደሞተ ይነገራል። ሮያል ሶሳይቲ አባሉ አድርጎ የመረጠው ኤፕሪል 16 ቀን 1786 ነው። ጉድሪክ ኤፕሪል 20 ቀን አረፈ። በአራት ቀን ልዩነት ማለት ነው። መመረጡን ሳይሰማ ሞተ። ገና 21 ዓመቱ ነበር።

ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው ከሞተ ከ103 ዓመት በኋላ ነው። በ1889 ሄርማን ፎገል የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት የአልጎልን ብርሃን በመሣሪያ በትኖ ሲመረምረው፣ ኮከቡ አንዴ ወደ እኛ፣ አንዴ ከእኛ እየራቀ እንደሚሄድ አገኘ። ይህ የሚሆነው ከሌላ አካል ጋር ሲዞር ብቻ ነው። ጋራጁም ጨርሶ ጨለማ ሳይሆን ደብዘዝ ያለ ሌላ ኮከብ ነው። እንዲህ እርስ በርስ የሚዞሩት ጥንድ ኮከቦች ይባላሉ።

አሁን ጥንድ ኮከቦች ዛሬ ለምን እንደሚጠቅሙ ልንገራችሁ። ልብስ የሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጉና ሁለት ጣቶቻችሁን ክብ እየሠራችሁ አዙሩ። ሞገድ እየተነሳ ወደ ዳር ይሄዳል። አይንስታይን በ1916 ሁለት ከባድ አካላት ሲዞሩም የስበት ሞገድ ይወጣል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሞገዱ ጉልበት ይዞ ስለሚሄድ ጥንዶቹ ቀስ በቀስ እየተቀራረቡ ይመጣሉ። አልጎልን የመሰሉት ቀስ ብለው ስለሚዞሩ ሞገዳቸው እጅግ ደካማ ነው። ትንንሽ፣ ከባድና በጣም ተቀራርበው የሚፈጥኑት ናቸው ጠንካራ ሞገድ የሚያወጡት።

በ1974 አሜሪካ ውስጥ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ከመምህሩ ጋር ሲሠራ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን አገኘ። ለዓመታት ሲለኩ ጥንዶቹ ልክ በአይንስታይን ስሌት መጠን እየተቀራረቡ ነው። ሁለቱ በ1993 ኖቤል ተሸለሙ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ደግሞ ሞገዱ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዘ። የመጣው ከሁለት ብላክ ሆሎች ነው። አሜሪካ ውስጥ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ክንዶች ያሉት መሣሪያ ርዝመቱ ከአቶም እምብርት እንኳ ባነሰ መጠን ሲለዋወጥ መዘገበ።

ይህን የመሰለ ደካማ ነገር እንዴት ይለያል? አስቀድሞ ሞዴል ይሠራል። ሞዴል ማለት ጥንዶቹ ይህን ያህል ቢከብዱ፣ ይህን ያህል ቢራራቁ ምን ዓይነት ሞገድ ያወጣሉ ብሎ በሂሳብና በኮምፒውተር ማስላት ነው። ብዙ ወጣቶች የዶክትሬት ጥናታቸውን የሚሠሩት በዚህ ላይ ነው። በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የዶክትሬት ተማሪና ባልደረቦቹ በ7 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ የሚዞሩ ሁለት የሞቱ ኮከቦችን አገኙ። ሁለቱም ከነምህዋራቸው በፕላኔቷ ሳተርን ውስጥ ይገባሉ። ወደፊት ጠፈር ላይ የሚላክ መሣሪያ የስበት ሞገዳቸውን ይይዛል ተብሎ ይጠበቃል። እንዴት አገኟቸው መሰላችሁ? ብርሃናቸው እየደበዘዘ ሲመለስ አይተው ነው። የጉድሪክ ዘዴ ነው! ከ230 ዓመት በላይ ቆይቶም ይሠራል።

ሰዎች ስለ ስበት ሞገድ ሲያወሩ ጠፈርን ሰማነው ይላሉ። ግን በጆሮ የሰማው የለም። ወደ ድምፅ የቀየሩት በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣው ኮምፒውተር ላይ የሚታይ መስመር ሆኖ ነው። ወንድሜም ያንን መስመር እንደማንኛችንም ሊያነበው ይችላል።

እንግዲህ በማይክ ያላነበብኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ መምህራን ስብሰባ ስላላቸው ከእረፍት በኋላ ትምህርት እንደሌለ በማይክ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ተማሪው በደስታ ጮኾ ወጣ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር እየተሳሳቅሁ ወደ ቤት ሄድኩ። እማዬ ወንድሜ የት እንዳለ ስትጠይቀኝ ነው የደነገጥኩት። እየሮጥኩ ተመለስኩ። ዘበኛው በሩን ከፈቱልኝ። ወንድሜ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ደብተሩን ከፍቶ ቀኑን ጽፎ መምህሩን እየጠበቀ ነበር። ሁሉም ሰው የት ሄደ ብሎ በምልክት ጠየቀኝ። ማስታወቂያውን ያነበብኩት እኔ መሆኔን ልነግረው አፈርኩ። ማይኩን ይዤ ለመላው ትምህርት ቤት ስናገር፣ የገዛ ወንድሜን ረስቼው ነበር። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም። ይኸው አሁን ያነበዋል።

ታኅሣሥ ላይ እኔና ወንድሜ አልጎልን መጠበቅ ጀመርን። መምህራችን በሰሜን በኩል የት እንደሚገኝ በወረቀት ሥለው ሰጡኝ። የሚደበዝዝበትን ሰዓት አስልቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከሦስት ቀን 3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ስለሚያንስ፣ ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከደበዘዘ፣ በሦስተኛው ሌሊት 5 ሰዓት ከ49 ላይ፣ ቀጥሎ በስድስተኛው ቀን ምሽት 2 ሰዓት ከ38 ላይ ይሆናል። እኛ ግን መነሻውን አናውቅም፣ ስለዚህ በየማታው መውጣት ነበረብን። ስድስት ማታ ምንም የለም። እኔ ሰለቸኝ፣ ብርዱም አስመረረኝ። በሰባተኛው ማታ ቤት ገብቼ ሳለ ወንድሜ መጥቶ ሹራቤን ጎተተኝ። ወደ ሰማይ እያሳየ የተዘረጉ ጣቶቹን ቀስ ብሎ አጠፋቸው። ወጥቼ አየሁ። እውነቱን ነው፣ አልጎል ከጎኑ ካለችው ትንሽ ኮከብ አይበልጥም ነበር። በማግስቱ ማታ ተመልሶ ደምቋል። ቀኑንና ሰዓቱን የመዘገበው ወንድሜ ነው፣ ደብተሩ ላይ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይጠይቀው። የምልክት ቋንቋ ባታውቁም ወረቀት ላይ ጻፉለት፣ ይመልስላችኋል።

ከጉድሪክ ታሪክ የተማርኩት ይህ ነው። ጉድሪክ ጎበዝ ነበር፣ ግን ብሬድዉድ ባያስተምሩት፣ ፒጎትም ጓደኛ ባያደርገው አልጎልን ለማን ይነግር ነበር? ስለዚህ ለክበባችን አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። በማይክ የሚነበብ ማስታወቂያ ሁሉ ከመነበቡ በፊት በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በሩ አጠገብ ይለጠፍ። ተጠሪ መምህራችን ተስማምተዋል። ጽሑፉን እኔ እጽፋለሁ። እኔ ስቀር ግን ተረኛ ያስፈልጋል፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። ወንድሜ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነው።

እስከ ቀጣዩ እትም ቸር ያሰንብተን።